ቅቤ የጠገቡት ማሽላ ጠባቂዎች

እትዬ ዘነበወርቅ፣ አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ አይቆጡ! ባሌ ራበው ብለው ያን በክንዱ የተሰካለትን እንደ ወተት የነጣ ጉሉኮስ ቶሎ እንዲወርድ ከፈቱት፤ ነርሷ ጮኸችብዎ። «ምግብ ደግሞ መቼ ሰው ይጎዳል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የሆስፒታሉ አልጋ ገፊ ነኝ፣ የማውቀው ከሐኪም ኋላ ስሄድ የሰማሁትን ነው። ይስሙኝማ።

ገበሬው ያለው አንድ የማሽላ ማሳ ነው። የልጆቹ የዓመት ቀለብ እሱው ነው። ዝንጀሮ እንዳይጨርስበት አራት ጠባቂዎች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢያያቸው ከስተዋል። ወደ ቤቱ ሮጠ።

«አንቺ፣ ገንፎው ላይ ቅቤ ጨምሪ!» አላት ሚስቱን።

«ጨመርኩ እኮ።»

«ጨምሪ!»

«ኧረ ሰውዬ፣ ሊበሉት ነው ወይስ ሊታጠቡበት?»

የቅቤውን ማሰሮ ነጥቋት ራሱ ገንፎው ላይ ገለበጠው። ወስዶም ማማው ላይ አቀረበላቸው። በእጃቸው እየዛቁ በሉ፤ ቅቤው እስከ ክርናቸው ወረደ። እሱ ከታች ሆኖ ደስ አለው።

ወዲያው ዝንጀሮው መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ! አንደኛው ወንጭፉን ቢያሽከረክር ወንጭፉ ራሱ ከእጁ አምልጦ ሄደ። ሁለተኛው ድንጋይ ቢያነሳ ሙልጭ አለበት። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ተንሸራቶ በቂጡ ዱብ። አራተኛውማ ከጥጋቡ ብዛት መነሳት አልቻለም።

ገበሬው አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዱ ትልቅ ዝንጀሮ እፊቱ ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ማሽላውን ይቆረጥማል!

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ?»

«ጌታዬ፣ እጃችን!» ብለው የሚያብረቀርቅ መዳፋቸውን አሳዩት።

የሸሸ የለም፣ የተኛ የለም። ሁሉም እዚያው ማሳው ላይ ናቸው። ይሄ ነው ያስደነገጠው። ራሱን ይዞ፣ «እኔው ነኝ! በገዛ እጄ!» እያለ ማሳው ሲያልቅ ቆሞ አየ።

እና እትዬ፣ ባልዎ ያ ማሳ ነው። ደሙ ውስጥ ጀርም እያሳደዱ የሚውጡ ጠባቂዎች አሉት። ያ ነጩ፣ ጉሉኮስ ያልነው፣ ደግሞ ስኳር ሳይሆን በደም ሥር የሚገባ ዘይት ነው። ያስፈልገዋል፤ በአፉ እስኪበላ ድረስ ያለሱ አቅም አያገኝም። ግን ባንዴ ሲንቆረቆርበት ጠባቂዎቹ ዘይቱን ሲውጡ ጀርሙ ሊያመልጣቸው ይችላል ይላሉ ሐኪሞቹ። የባልዎ ቁስል ደግሞ ትናንት አመርቅዟል። ዝንጀሮው ማሳው ውስጥ ገብቷል፣ እትዬ። እርስዎ ባሌን አበላሁ ሲሉ የጠባቂዎቹን እጅ ነው ቅቤ የቀቡት።