የአንጓች ጾም

— ተረት ተረት!
— አምጪያት ከመሠረት!

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ ያለሽው ደግሞ ግቢና ዝጊው፣ ብርዱን አታስገቢብን።

በድሮ ዘመን፣ ሾላ ማርያም በምትባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች፣ አንዲት ላም ብቻ ያለቻት ሴት ናት። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አንጓች ክፉ ሴት አልነበረችም። ጨዋታ ትወዳለች፣ መብላትም ትወዳለች። ድግስ ከተጠራች ቀድማ ትደርሳለች፣ መጨረሻ የምትነሣውም እሷው ናት።

አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ደረሰና ጎረቤቷ የሽወርቅ ደገሰች። አንጓች ግን ያን ዕለት ጠዋት ቤቷ ንፍሮ ቀቅላ፣ ሲጣፍጣት ጊዜ ድስቱን ጠራርጋ በልታው ነበር። ሆዷ ተነፍቶ እህል ማየት አስጠላት። ወጡ ሲቀርብ እጇን ሰበሰበች።

የሽወርቅም፦ «ምነው አንጓች፣ ብዪ እንጂ!» አለቻት።

አንጓችም፦ «ይቅርብኝ፣ ዛሬ አልበላም» አለች። የንፍሮውን ነገር መናገር አፍራ ነው።

የሽወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፦ «የምስጢር ጾም ይዘሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

አንጓች አዎ አላለችም። አይደለምም አላለችም። ብቻ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት አየች።

በቃ። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ሳመች። አንጓችም ልቧ ሞቀ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ አድርጎ ያያት ሰው አልነበረማ። «ትንሽ ጊዜ ብቻ ይቆይልኝ» አለች በልቧ።

ትንሹ ጊዜ ዓመት ሆነ። ዓመቱም አራት ዓመት ሆነ። አንጓች ወገቧን በገመድ ታጠቀች። ከሁሉ ፊት ቆማ ትሰግዳለች፣ ግንባሯ መሬት ሲነካም ሰው እንዲሰማው አድርጋ ነው። ቄስ ገረመው እንኳ፣ የደብሩ አለቃ፣ ስብከታቸው ላይ «እስቲ አንጓችን እዩ!» ይሉ ነበር። አገሩ ሁሉ፦ «አንጓች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሽንብራ ነው የምትቀምሰው» አለ። እሷም ዝም አለች። የሽወርቅም «አንቺ» ማለቱን ትታ «እርስዎ» ትላት ጀመር።

እውነቱስ? እውነቱማ፣ በየማለዳው በሯን ቀርቅራ ጎተራ ጀርባ ተሸጉጣ ትበላ ነበር። እየቸኮለች ነው የምትበላው፣ ሳታላምጥ። ውጪ ዶሮ ኮሽ ካደረገች የያዘችውን ጎተራው ሥር ትሸጉጠዋለች። ሰው ቤት ስትጠራም ሌላው ሲጎራረስ እሷ ምራቋን እየዋጠች ትቀመጣለች። ጾም ሲገባ ደግሞ ባሰባት። ሰዉ ውሎ በዘጠኝ ሰዓት ሲበላ እሷ ሰው ፊት አትበላማ! ስለዚህ ማለዳ ተደብቃ ትበላለች። በፍልሰታ፣ በእመቤታችን ጾም፣ ላሟን አልባ ወተቷን ጭልጥ አድርጋ ቅዳሴ ትገባለች። ጸሎት ስታደርስም አፏ ብቻ ነው የሚናገረው። ልቧ «ማን አይቶኝ ይሆን?» ይላል።

እንዲህ ስትኖር፣ አንድ ቀን በዚያው በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ስንዱ የምትባል ሴት ከቆላ ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። ልጇን አዝላ ነው። ልጅቷ ይመኙሻል ትባላለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ አንገቷ እናቷ ጀርባ ላይ ወድቋል። ስንዱ ሰው እየጠየቀች አንጓች ደጃፍ ደረሰችና ልጇን አውርዳ አንጓች እግር ላይ ተደፋች። ሰውም ተአምር ለማየት ግር ብሎ ተከተላት።

ስንዱም፦ «እናቴ፣ ልጄን ያድኑልኝ! ሃያ ቀን ሆናት፣ ደም ትተፋለች። መንፈስ ነው አሉኝ። እርስዎ የጾመን ሰው እንጂ የበላን ሰው እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። እኔም እሷም እህል ከቀመስን ይኸው ሦስተኛ ቀናችን ነው» አለች።

አንጓችም፦ «ልጅቷም?» አለች።

«አዎ እናቴ፣ እሷም።»

አንጓች እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነችና እጇን ዘረጋች። ጸሎቱን ጀመረች፣ ግን ማለዳ የጠጣችው ወተት ትዝ አላትና መሐል ላይ አቋረጠችው።

ይሄን ጊዜ ይመኙሻል ቀጭን ድምፅ አወጣችና፦ «እማማ፣ እርስዎ ግን እንዴት ነው የማይርብዎት? ይንገሩኝና እኔንም አይራበኝ» አለቻት።

አዬ ልጆቼ! አንጓች ዓይኗን ገለጠች። የልጅቷን ክንድ አየች፣ የእንጨት ስንጥር አክሏል። ከዚያም ልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ይርበኛል» አለች። «ይርበኛል ልጄ። በየቀኑ ይርበኛል፣ በየቀኑም እበላለሁ።»

የሽወርቅ ከሰዉ መሀል፦ «ምን አሉ?» አለች።

አንጓች ተነሥታ ቤት ገባች። ጎተራ ጀርባ ከደበቀችው ቅል ወተት በዋንጫ ቀድታ ይዛ ወጣች። በፍልሰታ! በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት! ሰዉ በአንድ ድምፅ «በስመ አብ!» አለ። አንዱ አማተበ፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አንጓች ግን አልተመለሰችም። የልጅቷን ራስ ደገፍ አድርጋ ቀስ እያለች አጠጣቻት።

ይመኙሻልም ሁለቴ ጎንጨት አለችና አሳላት። ወተቱን ተፋችው፣ ደም ተቀላቅሎበታል። ስንዱ ጮኸች።

አንጓች ግን ፊቷ ተለወጠ። ይህን ነገር ከአባቷ ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ጥጆች ከኩሬ ጠጥተው ሲመጡ ከአፋቸው ደም ሲወጣ አይታለች። «ልጄ፣ እስቲ ወደ ፀሐይ ዙሪና አፍሽን ክፈቺ» አለች። ከፈተች። አንጓች ጎንበስ ብላ አየች። ከምላሷ ጀርባ፣ ጉሮሮዋ በር ላይ፣ ጥቁር ነገር ተጣብቆ ይላወሳል።

«አልቅት ነው!» አለች። «መንፈስ አይደለም፣ አልቅት ነው! ከኩሬ ውሃ ጠጥታለች። የሽወርቅ፣ ጨው አምጪልኝ! ንጹሕ ጨርቅም!»

የሽወርቅ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፣ ዘግታው ሮጠች።

አንጓች ጨርቁን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ጫፉን ጨው ውስጥ ነከረችው። እጇን ወደ ልጅቷ አፍ ከመስደዷ በፊት ግን ጸለየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ አጠገቧ ያለችው ስንዱ ብቻ ናት የሰማቻት። «እመቤቴ፣ እስከ ዛሬ ያልኩሽን ሁሉ እርሺው። አሁን እጄን ብቻ ያዢልኝ» አለች። ጣቷንም አስገባች። ልጅቷ ተናነቃት፣ ተንፈራገጠች፣ እናቷ ጥርሷን ነክሳ ያዘቻት። አልቅቱ ጨው ሲነካው ተኮማተረና ለቀቀ። አንጓች ስባ አወጣችው። ደም ጠጥቶ አውራ ጣት አክሏል! መሬት ላይ ጣለችውና በተረከዟ ረገጠችው።

ይመኙሻል አለቀሰች። ከዚያም ተነፈሰች። ከዚያም «ወተቱ አለ?» አለች።

ሰዉ ሳቀ፣ ስንዱ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ቄስ ገረመውም ጫጫታ ሰምተው መጥተው ኖሮ ቆመው ያያሉ። አንጓች እግራቸው ላይ ወደቀችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ንፍሮውን፣ ጎተራውን፣ አራቱን ዓመት፣ አንድም አላስቀረችም።

አንድ ሽማግሌ ቆጣ ብለው፦ «አባ፣ ይቺ ሴት አታላናለች፣ ከደብሩ ትውጣ!» አሉ።

ቄስ ገረመው ግን፦ «እሷ ብትወጣ እኔም አብሬ መውጣቴ ነው» አሉ። «በየሰንበቱ እሷን እዩ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ደብሩ በሰው ሲሞላልኝ ደስ ብሎኝ አንድም ቀን ልጄ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠየቅኋት። የታመመ ሕፃን አይጾምም ብዬ ባስተምር ኖሮ ይቺ ልጅ ሦስት ቀን ባልተራበች።» ወደ አንጓችም ዞሩና፦ «ንስሐሽን ስሚ። እንደ ማንም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾሚያለሽ። በዘጠኝ ሰዓት ግን ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። አርባ ቀን፣ በየቀኑ አንድ ጎረቤት ቤት። ብቻሽን መብላት ክልክል ነው» አሏት።

አንጓች የምትገረፍ መስሏት ነበር። ይህን ስትሰማ ከጀርባዋ እንስራ የወረደላት ያህል ቀለላት። እያለቀሰች ሳቀች።

የሽወርቅም ክንዷን ይዛ አነሣቻትና፦ «ተነሽ፣ አንቺ ውሸታም! ዛሬ እኔ ቤት ነሽ። ሽሮ አለ» አለቻት።

ያን ዕለት አንጓች ቁጭ ብላ እያላመጠች በላች። የሽወርቅ ስታጎርሳት እንባዋ ወጡ ላይ ጠብ ጠብ አለ። በእርግጥ ሁሉም ቶሎ ይቅር አላላትም። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታ አልሰጧትም። ልጆችም «እትዬ ወተት» የሚል ስም አወጡላት። እሷ ግን ሲጠሯት «አቤት!» እያለች ትስቅ ነበር። እንቅልፏም ተመለሰ።

ስንዱና ይመኙሻል አንጓች ቤት ሰንብተው፣ ልጅቷ ጉንጯ ሲሞላ፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። አንጓች ሸኘቻቸው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ስንዱ ቆመችና፦ «እናቴ፣ የክርስትና ስምዎ ማነው?» አለቻት።

አንጓችም፦ «ምን ያደርግልሻል?» አለች።

«ስጸልይ ላነሣዎት ነዋ።»

አንጓች ትክ ብላ አየቻት። በአራት ዓመት ውስጥ ስንቱ ሰው ስሙን ጆሮዋ ላይ ሹክ እያለ «ይጸልዩልኝ» ብሏት ነበር። የእሷን ስም የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም።

«ወለተ ኪዳን» አለች። «ወለተ ኪዳን ነኝ።»

«ወለተ ኪዳን» አለች ስንዱ። ይመኙሻልም እንዳትረሳው «ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ኪዳን» እያለች፣ በራሷ እግር እየዘለለች፣ ቁልቁለቱን ወረደች።

እኔም እዚህ ላይ አበቃሁ። እንግዲህ ተረቴን ውሰዱ፣ ቂጣዬን ውለዱ!