ጉልበተኛ ፖምፓ ያስገጠመ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ፒካፕ ነበረው። በናፍጣ የምትሄድ፣ አሮጌ ግን የማትናቅ ፒካፕ።

ተቀመጥ ምትኩ፣ ልትሄድ አትነሳ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ለማኅደር ምን ልጨምርላት?» ነው ያልከኝ። ከክፍሏ አንደኝነትን ለማንም አስነክታ የማታውቅ ልጅህ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ ባዶ ወረቀት መለሰች። ሁለት አስጠኚ አላት፤ ሦስተኛ ልቅጠርላት ወይ ነው የምትለኝ። መልሱን አሁን ብነግርህ ትከራከረኛለህ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሞተር ሳስተምርህም እንዲሁ ነበርክ፤ ገና ብሎኑ ሳይፈታ «ገብቶኛል» ትል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን ነገር ልጨርስልህ።

ሰውየው ከቆላ ቲማቲም እየጫነ ደጋ ላይ ላለ ገበያ ያደርስ ነበር። ገበያው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚቆመው። ከወንዙ ዳር እርሻ እስከ ገበያው ያለው መንገድ ግማሹ ሜዳ ነው፤ ግማሹ አቀበት፣ ያውም ቀልድ የማያውቅ አቀበት። ቲማቲም ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ረፋዱ ላይ ካልደረሰ ፀሐዩ ያበስለዋል፤ የታችኛው ሳጥን በላይኛው ተጨፍልቆ ውሃ ይሆናል። ገበሬዎቹ የራሳቸው መኪና የላቸውም። የአራት ወር ልፋታቸውን በዚያች ፒካፕ ላይ ይጭኑና ሰውየውን አምነው ይሸኙታል። እሱም አንድ ቀን አሳፍሯቸው አያውቅም ነበር።

እንዲህ እያለ ሲኖር ናፍጣ ጠፋ። ማደያው ደጅ የተሰለፈው መኪና ጫፉ አይታይም። ሰውም ሌሊት እየተነሳ ከሌላው መኪና በቱቦ እየሳበ መስረቅ ጀመረ። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ሊያስነሳ ሲል ሰልባቲዮው ባዶ ነው። ናፍጣው የሚጠራቀምበትን ቋት ማለቴ ነው፤ ያስተማርኩህን ካልረሳህ። ሁለት ቀን ተሰልፎ የቀዳው ናፍጣ ነው ያደረበት። አንጀቱ አረረ። እኔም ብሆን ያርር ነበር፤ በዚህ አልፈርድበትም።

ብየዳ ቤት ሄደና ወፍራም የብረት ክዳን አሠራ። ቁልፍ አስገጠመለት። ከአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ በክብ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈለት። የፊተኛው ክዳን አናቱ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረችው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጫት በእሷ በኩል ናፍጣ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አዲሱ ክዳን ቀዳዳ የሚባል የለውም። «ከእንግዲህ ሽታውም አይወጣ!» እያለ ላገኘው ሁሉ አሳየ። ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አሰረው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መኪናዋ አቀበት ላይ ትሰንፍ ጀመር። ሜዳውን ደህና ትሄዳለች። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ትንተፋተፋለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ትቆማለች። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስገባና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ትቆማለች። ሁለት ሐሙስ ገበያው ከተበተነ በኋላ ደረሰ። ሁለቱንም ጊዜ ቲማቲሙ ተደፋ። ገበሬዎቹ ክፉ አልተናገሩትም፤ የቆላ ሰው ጨዋ ነው። ከመካከላቸው ያሉት ሽማግሌ ብቻ፣ «ወንድሜ፣ ሦስተኛ ከሆነ ለሌላ ጫኝ መስጠታችን ነው፤ እንዳትቀየመን» አሉት። ሰውየው ልጆቹን ያሳደገው በዚያች ፒካፕ ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም። የሚቀጥለው ሐሙስ ካመለጠው ከወንዙ ዳር አንድ ሳጥን የሚያሸክመው እንደማይኖር ገባውና እንቅልፍ አጣ።

መካኒክ ጋ ወሰዳት። መካኒኩ በመጀመሪያ ክዳኑን አስከፍቶ ናፍጣ መኖሩን አየ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናዋ ምንም እንዳልነካት ሰው ቀጥ ብላ ሠራች። ግራ ገባው። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ቱቦዎቹን ነፋ፣ ፖምፓውን ፈትቶ አየና መልሶ አሰረው። ሰውየው ግን ጋራዥ የሄደው በሽታዋን ራሱ አውቆ፣ መድኃኒቷንም ራሱ አዝዞ ነበር።

«ፖምፓው ነው» አለ። «ናፍጣ ከሰልባቲዮ ስቦ ለሞተሩ የሚያቀብለው እሱ አይደለም? አርጅቷል። ከዚህ የሚበልጥ ግጠምልኝ።»

«አየሁት እኮ፣ ደህና ነው» አለው መካኒኩ።

«ደህና ቢሆን ታቆመኝ ነበር?»

መካኒኩም እሺ አለ። ሰውየው የትልቅ ጭነት መኪና ፖምፓ አፈላልጎ አስመጣና በአሮጌው ቦታ አስገጠመ። ጉልበተኛ ፖምፓ ነበር፤ ሲሠራ የሚስብበት ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ሰውየው ድምፁን ሲሰማ ደስ አለው።

ሐሙስ ማለዳ እስከ አፍ ጢሟ ጫናት። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አንዲት ዘይት ቸርቻሪ ሴት ተሳፈረች፤ እሷም ወደ ገበያ ነው። ሰውየው ገና መንገድ ሲጀምሩ ስለ አዲሱ ፖምፓ ይነግራት ጀመር። አቀበቱን ያዙት። መኪናዋ ሽቅብ ትበር ጀመር። ወትሮ የምትቆምበትን ቦታ ዞር ብላ ሳታይ አለፈችው። ሰውየው ነፍሱ መለስ አለች። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አየሽ እትዬ፣ ሰው አልሰማ ብሎኝ እንጂ ፖምፓ ነው ብዬ ነበር» አላት። ሴትዮዋም «እሰይ» አለችው።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ከመኪናዋ ሥር ባዶ በርሜል በእግር የተረገጠ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ጠፋ። ወረደና ድንጋይ አስገባ፤ ከሥሯ ገብቶ አየ። ሰልባቲዮው ወደ ውስጥ ተጨምድዷል። ድንጋይ አልመታው፣ ሰው አልነካው። ጉልበተኛው ፖምፓ ስቦ ስቦ የሚመጣለት ናፍጣ ሲያጣ ቋቱን ራሱን ነው የሳበው።

ሰውየው መንገዱ ዳር ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ፀሐይዋ ወጥታለች። የቲማቲሙ ሳጥን ከላይ መሞቅ ጀምሯል። ሦስተኛው ሐሙስ መሆኑ ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ የሚያስበውን ብነግርህ ትስቃለህ። ከዚህም የሚበልጥ ፖምፓ የት እንደሚገኝ ነበር የሚያስበው።

ሴትዮዋ ከጋቢና ወርዳ መኪናዋን ዞራ አየቻት። «ይሄ ክዳን መተንፈሻ የለውም?» አለች።

«ክዳኑን ተዪው። ከዚህች መኪና ጤነኛው እሱ ብቻ ነው፤ በእጄ ነው ያሠራሁት።»

«እሱማ ያስታውቃል» አለች ሴትዮዋ። «እኔ መኪና አላውቅም። ዘይት ነው የማውቀው። የዘይት ቆርቆሮ ስከፍት በምስማር ሁለት ቦታ ነው የምበሳው፤ አንዱ ዘይቱ የሚወጣበት፣ አንዱ አየር የሚገባበት። አንዱን ብቻ ብበሳ ደፍቼ ብውል ዘይቱ አይወርድልኝም። ያንተን ሳየው የሚወጣበት እንጂ የሚገባበት የለውም። እስቲ ክፈተው።»

ሰውየው አፈረ። ሃያ ዓመት መኪና ነድቶ ከዘይት ነጋዴ ሊማር ነው። ግን ቲማቲሙን ዞር ብሎ አየውና ኩራቱን ዋጠ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ክዳኑን ፈታው።

ክዳኑ ገና ሳይነሳ ሰልባቲዮው አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ዋናተኛ እንደሚተነፍሰው ነው፣ ረጅም። የተጨመደደው ቆርቆሮ በአንድ ጎኑ ጧ ብሎ ወጣ። ሰውየው ሞተሩን አስነሳ፤ ሠራች። የሰልባቲዮውን አፍ በላላ ጨርቅ ሸፍኖ ነዳት፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመችበትም። ገበያው ገና ሞቅ ሳይል ደረሱ። ከታች ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው የላሉት። የቀረው ቲማቲም ከሰዓት በፊት ተሸጦ አለቀ፤ የወንዙ ዳር ሰዎችም ሌላ ጫኝ አልፈለጉም።

መካኒኩ ጋ ተመልሶ የድሮውን ፖምፓ አስገጠመ። በድሮው ፖምፓ ያንን አቀበት እስከ ዛሬ ትወጣዋለች። ሰልባቲዮውን ቀጥቅጠው መለሱለት፤ አያፈስም፣ ግን አንድ እጥፋት ቀርቶበታል፣ እንደ ፊቱም ሙሉ አይዝም። ይህንንም የምነግርህ ሁሉ ነገር እንደነበረ ይመለሳል ብዬ እንዳልዋሽህ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ምትኩ።

ያ ሰው መኪናውን ጠልቶ አይደለም ያፈናት። ከሁሉ አብልጦ ስለሚወዳት፣ ደግሞም አንድ ጊዜ ስለተሰረቀ ነው። አንተም ማኅደርን ትወዳታለህ፤ ይህን ማንም አይነግረኝም። የጎረቤትህ ልጅ በጓደኛ ተበላሽታ ትምህርቷን ስትተው አየህና ደነገጥክ። የማኅደርን ስልክ ወሰድክ። መዝሙር ክፍሉን አስተውካት። ቅዳሜ ከሰዓት አክስቷ ቤት ሄዳ ጸጉሯን እየተሠራች፣ ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትስቅ የምትውለውን ሳይቀር ጊዜ ማባከን ነው ብለህ አስቀረህባት። እኔንም በኩራት ነው የነገርከኝ፤ «ጋሼ፣ አሁን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ናት» ብለህ። ከዚያ ወር ጀምሮ ውጤቷ ወረደ። አስጠኚ አመጣህ። አልሆነም። ኃይለኛ የሚባለውን አስጠኚ አመጣህ። ልጅቷ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት መለሰች።

ስንፍና እንዳይመስልህ። ልጅቷ የምታውቀው ጠፍቶባትም አይደለም። ናፍጣው እዚያው ነው ያለው፤ ሙሉ ነው። የሚወጣባት ብዙ፣ የሚገባላት ግን ምንም ስለሌለ ነው የተጨመደደችው። አንደኛ ያወጣት የነበረው የራሷ ትጋት ነው፤ እሱ ደግሞ አላረጀም። አንተ ግን ከእሱ የሚበልጥ ፍለጋ ከተማውን ትዞራለህ። ሦስተኛ አስጠኚ ብትጨምር የምትሰማው ያንን የተረገጠ በርሜል ድምፅ ነው። እኔ ከተማሪዎቼ ሰምቼዋለሁና አትስማው እልሃለሁ።

ደግሞ አትሸበር። ፈተናው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ያቺ ልጅ አቀበቱን ትወጣዋለች፤ እኔ በዚህ ጥርጣሬ የለኝም። ሠላሳ ዓመት ተማሪ አይቻለሁ፤ ጭንቅላት ያለውንና የሌለውን አላጣም። የእሷ ምንም አልሆነም።

«ሌባውስ?» ልትለኝ አፍህን ስትከፍት አየሁህ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ያንን ሰው ጠይቄው ነበር። ወፍራሙን ክዳን አልጣለውም፤ ቁልፉንም አልጣለውም። ብየዳ ቤት ተመልሶ አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው ያስበሳው። በእሷ የሌባ ቱቦ አይገባም፤ አየር ግን ይገባል። አንተንም በርህን በርግደው አላልኩህም። አባት ነህ፤ ጠብቅ።

ቀዳዳዋ የትኛዋ እንደነበረች እኔ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ፤ የደፈንካት አንተ ነህ። የእኔን ግምት ከጠየቅኸኝ ግን ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም። ቤት ሂድና መጽሐፉን አስዘግተህ አክስቷ ቤት አድርሳት። አንተ አትግባ፤ ከደጅ ተመለስ።