ለፎቶ የታጨችው ዶሮ

ተረት ልንገራችሁ? እንግዲያው «ንገሪን» በሉና ጠጋ ጠጋ በሉ።

ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት ዘመን ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ባለሙያ ሴት ነበሩ። አንዲት ቀይ ዶሮም ነበረቻቸው።

በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ካሜራ በሦስት እግሩ እየተንገዳገደ ግቢያቸው ገባ። ለፋሲካ የሚወጣ መጽሔት የዶሮ ወጥ አሠራር ከነፎቶው ሊያወጣ ነውና፣ ወጡ ዛሬውኑ ይሠራልኝ አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ በጾም ማን ይበላዋል ብለው ጠየቁት። ማንም አይበላውም፣ ፎቶው ሲያልቅ ይደፋል አላቸው። ወጡን ሊሠሩ ለመጽሔቱ አስቀድመው ቃል ሰጥተው ነበርና ጨነቃቸው።

ዶሮዋ ይህን ስትሰማ ከጥጓ ብድግ አለች። ቀጥላም ወደ ካሜራው ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ለሚበላኝ ብሞት ወግ ነው። ለሚያየኝ ብቻ እንዴት እሞታለሁ? አንተ እንደሆንክ አትቀምስ፣ አትውጥ።»

ካሜራው ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፣ ዓይኔን ካታለልሽው አንገትሽ ይትረፍ» አላት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ወጡን ያለ ሥጋ ጣዱ፤ ዶሮዋ ጎመን አመጣች። ጎመኑ ወጡ ውስጥ ገባ፣ ተልፈሰፈሰ። ካሜራው አይቶ፣ «ይሄ ጎመን ነው» አለ። ካሮት አመጣች። ካሮቱ ወጡ ውስጥ ገባ፣ ኩርምት አለ። ካሜራው አይቶ፣ «ይሄም ካሮት ነው» አለ። በመጨረሻ ድንች አመጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ አዘኑላትና ድንቹን ልጠው፣ የዶሮ እግር አስመስለው ቀረጹት፤ በአጥንት ፈንታ እንጨት ሰኩበት። ድንቹ ወጡ ውስጥ ገባ፣ ቀላ፣ «ዛሬስ ሥጋ ሆንኩ» ብሎ ተኮፈሰ። ካሜራው አይቶ፣ «ይሄስ ዶሮ ነው» አለ።

ነገር ግን ካሜራው ነቃፊ ነው። እንቁላሉስ አለ፤ ዶሮዋ ጣለችለት፣ ተቀቅሎ ገባ። ወጡ አያብረቀርቅም አለ፤ ከክንፏ አንድ ላባ ነቅላ ሰጠች፣ ወይዘሮ ደብሪቱ በላባው ዘይት ቀቡት። ከኋላው ባዶ ሆነብኝ አለ፤ ዶሮዋ ራሷ ሄዳ ከሳህኑ ኋላ ደረቷን ነፍታ ቆመች። ካሜራውም ፎቶውን አነሳ።

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። የወይዘሮ ደብሪቱ ባል አቶ ይርዳው ቢላዋቸውን ስለው ዶሮዋን ያዙ። ይሄኔ ጎረቤቶች መጽሔቱን ይዘው መጡ፤ የነገው ግብዣ ልክ እንደ ፎቶው ካልሆነ አንበላም አሉ። አቶ ይርዳው ፎቶውን አዩ። ወጡ ከፊት አለ፤ ዶሮዋ ከኋላ ቆማለች። እጃቸው ላይ ያለችውን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ደብሪቱ፣ ይህች ከሞተች ከኋላ ማን ሊቆም ነው?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቁና ድንች መላጥ ጀመሩ።

በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ ቅቤ የጠጣውን ድንች በእንቁላል ጠግቦ በላ፣ ደስም አለው። ዶሮዋም ከገበታው ኋላ ደረቷን ነፍታ ቆማ፣ የወደቀውን ትለቅም ነበር።

ተረቴ አለቀ፤ ድንቹን ለእኔ አስቀሩልኝ፣ እንጨቱን ለካሜራው ስጡት። እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ አንገቷን የምትወድ ዶሮ ለላባዋ አትሳሳም።