አቶ ጓንጉል በሽተኛ ሊጠይቁ ሄዱ

አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ጓንጉል በሽተኛ ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄዱ። ሊጠይቁ እንበል እንጂ ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት፤ ብርቱካን እንኳ አልያዙም። ሰውየው እንደሆኑ ክብር ክብር ሲሉ ነው የሚውሉት። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ብድግ ብሎ «ኖር» ካላላቸው ሟቹን ጭምር ይቀየማሉ።

በሽተኛው ደርበው ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የእኚሁን ሰው ጆንያ ሲሸከም ኖሮ የአከርካሪው ዲስክ ተንሸራተተና ጀርባውን ኦፕራሲዮን ሆነ። አሁን ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው፤ ከወንበር መነሣትንና መቀመጥን እንደ ሕፃን ልጅ ከስሩ እየተማረ። ሐኪሟ፣ ከባድ ዕቃ ማንሣት ቀርቶ ማጎንበስም አይታሰብም ብላዋለች። አቶ ጓንጉል ግን ይሄ ሁሉ ልግመት ነው ባይ ናቸው። ደርበው ከነሚስቱ ከነልጆቹ የሚኖረው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ተመልሶ ካልተሸከመ ክፍሏን ሊያስለቅቁት ቆርጠዋል። የመጡትም ይህንኑ ሊነግሩት ነው። እንግዲህ ጥየቃ ብለው ነው።

ፊዚዮቴራፒው ክፍል ውስጥ እንደ ደርበው ጀርባቸው የተሰፋ በሽተኞች ግድግዳውን ይዘው በየወንበራቸው ተደርድረዋል። ሲነሡ ቢንገዳገዱ እንዲይዙት ደግሞ እያንዳንዳቸው ፊት ባዶ ወንበር ተቀምጦላቸዋል። ሐኪሟ ስታጨበጭብ ይነሣሉ፣ ደግማ ስታጨበጭብ ይቀመጣሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ታዲያ አቶ ጓንጉል በሩን ከፍተው ገባ ሲሉ እሷ ከወዲያ ጥግ አጨበጨበች። ክፍሉ በሙሉ እያቃሰተ ብድግ አለ።

አቶ ጓንጉል ደረታቸው ተነፋ። በሽተኛ ተነሥቶላቸው፣ በዚያ ላይ ተጨብጭቦላቸው አያውቅማ። እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ አይገባም፣ ተቀመጡ» አሉ። ሐኪሟ አጨበጨበች፤ ሁሉም ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሕዝብ ዓይተው ስለማያውቁ ወፍጮ ቤት ሳይሆን አገር የሚገዙ መሰላቸው።

እንደተኮፈሱ ደርበው አጠገብ ደረሱ። እንዴት ነህ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ። ሰው ሁሉ እንዲሰማላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ለእኔ ለመነሣት የበቃ ጀርባ ጆንያ አያቅተውም። ድነሃል። ሰኞ ሥራ ትገባለህ፤ አለዚያ ቤቴን ትለቅልኛለህ» አሉት።

ደርበው ሚስቱና ልጆቹ በዓይኑ ላይ ዞሩበት። በደህናው ጊዜ ቢሆን «እሺ ጌታዬ» ብሎ እስከ መሬት ያጎነብስ ነበር። አሁን ማጎንበስ በሐኪም ተከልክሏል። ቀና እንዳለ ፊት ለፊቱ ወዳለው ባዶ ወንበር አመለከታቸውና፦

«ጋሼ ጓንጉል፣ እኔ እርስዎ ሳይመጡም ለዚህ ለባዶ ወንበር ስነሣ ነው ያረፈድኩት። እሱ ግን ቢያንስ ‹ለእኔ ከተነሣህ ድነሃል፣ ና ተሸከም› አላለኝም» አላቸው።

ያ ሁሉ የተሰፋ ጀርባ በሳቅ ተርገፈገፈ። ሐኪሟ ስፌታችሁን፣ ስፌታችሁን እያለች ብትለምንም የሚሰማት ጠፋ፤ እሷም ራሷ አፏን በእጇ ይዛለች። አቶ ጓንጉል ሲስቁባቸው አይችሉም። ፊታቸው በርበሬ መሰለና «ስቀልድ ነው እንጂ፤ እስክትድን ድረስ ከቤቱ ማን ነክቶህ» አሉ። ደርበው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሰምታችኋል አይደል ቢላቸው፣ ሁሉም በአንድ አፍ ሰምተናል አሉ።

ሰውየው መውጫው ጠፋባቸው። እየተጣደፉ በሩ ጋ ሲደርሱ ሐኪሟ አጨበጨበች፤ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። አቶ ጓንጉልም በልማድ ዘወር ብለው «በእግዜ…» ካሉ በኋላ የቀረውን ዋጡት።