ዋስ የተጠየቁት ሦስቱ መብራቶች

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩን ክፈቱልኝ። ከፈታችሁ? እንግዲያው ተቀመጡ። አንተ ከኋላ ያለኸው ጠጋ በል፣ ሁለቴ አልናገርም።

በድሮ ዘመን፣ ድሮ ስላችሁ ደግሞ አትሳቁ፣ ባውዛ አገር ከገባ ወዲህ ያለ ድሮ ነው፣ ግዛው የሚባል አናጺ ነበረ። ግዛው መኪና የለውም፤ ጋራዥ ግን አለው። ያውም አውቶቡስ የሚያዞር ሰፊ ጋራዥ! ከመኖሪያ ቤቱ ጎን ሠራው፣ ቆርቆሮ አለበሰው፣ የኤሌክትሪክ መጋዙን መሃሉ ላይ ተከለና «ከእንግዲህ የሰው ቤት ተከራይቼ አልሠራም» አለ። እሰይ፣ ይበል! መብራቱን ግን ረሳው። ከጣሪያው መሃል አንዲት አሮጌ አምፖል ተንጠልጥላለች። ግዛው ባጎነበሰ ቁጥር የገዛ ጥላው ሥራው ላይ ይተኛበታል።

አንድ ቀን መጋዙ የግዛውን እጅጌ ጎርሶ ጎተተው። ጨርቁ ተቀደደ፣ እጁ ለጥቂት ተረፈ። ሚስቱ አስካለ ቅዳጁን ልትሰፋ መርፌ ይዛ ተቀመጠች።

«ግዛው፣ ዛሬ ጨርቅ በላ። ነገስ ምን ሊበላ ነው?» አለችው። «ያ እጅ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። የሁላችንም እንጀራ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አይታየኝም እኮ!»

«እንዲታይህ አድርግ እንጂ!»

ግዛው መብራት ሊገዛ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ እንደ ወጉ አንዱን መብራት ሰክቶ አበራለት። ግዛውም እንደ ወጉ አንጋጦ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ወይ ጉድ! እንዴት ያበራል!» አለ። ሁለተኛውን አበራለት፤ ግዛው አንጋጠጠ። ሦስተኛውን አበራለት፤ ግዛው አሁንም አንጋጠጠ። እኛ መብራት የምንመርጠው እንዲህ ነው፤ ዝቅ ብሎ መሬቱን የሚያይ አንድ ሰው አይገኝም። መምረጥ ቢያቅተው ባለሱቁ «በል ሦስቱንም ወስደህ ሞክራቸው፤ ያልወደድከውን መልስ» አለው። ሦስቱም ኤል ኢ ዲ ናቸው። አንደኛው ትልቅ ባውዛ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋና ክብ ስለሆነ ሰሃኑ ይሉታል። ሦስተኛዎቹ በርከት ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው።

ግዛው ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ ብልጭ አደረጋቸው። ሊመርጥ ሲል ከጎረቤት ጩኸት ተሰማ። እማማ ድንቄ አርፈው ኖሯል። ነጠላውን አንስቶ ሲወጣ «ስመለስ አንዱን መርጬ የጤና ጣቢያውን በር እቆርጣለሁ፤ ለነገ ቃል ገብቻለሁ» አለ።

በሩ ሲዘጋ ጋራዡ ውስጥ ጭንቅ ገባ።

«ሰማችሁ?» አለ መጋዙ። «ስመለስ እቆርጣለሁ ነው ያለው። በኋላ እኔን እንዳትቆጡኝ! ጥርስ እንጂ ዓይን የለኝም። የመጣልኝን እቆርጣለሁ። እንጨት ቢመጣ እንጨት፣ ጣት ቢመጣ ጣት።»

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው የመሥሪያ ጠረጴዛ ነበር፤ ግዛው ገና አናጺነት ሲማር የሠራው ነው። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ችሎት እንቀመጥ» አለ። «ያለ ዋስ የሚታመን የለም። እያንዳንዱ መብራት ዋስ ይጥራ። ዋሱም ግዛው በሚቆምበት ቦታ፣ መጋዙ ፊት ይቁም። ብርሃኑ ከከዳ የሚጎዳው ዋሱ ነው።»

«ይሁን!» አሉ ሁሉም።

ከጣውላው ክምር ሥር ግን አይጢት ጢሟን እያሻሸች ትስቅ ነበር። አይጢት አንድ ነገር አይታለች። ግዛው ሰሃኑን ሲሞክረው መጋዙ እየዞረ ነበር። ጆሮዋ ሲዞር ሰማው፤ ዓይኗ ግን ቆሞ አየው! «እሰይ» አለች በሆዷ። «ሰሃኑ ከተመረጠ የግዛው እጅ አለቀለት። እጁ ከሄደ ጋራዡ ይዘጋል። የተዘጋ ቤት ደግሞ የማን ነው? የኔ ነው!»

መጀመሪያ ባውዛው ተነሳ።

«ማን እንደ እኔ!» አለ። «እኔ ብቻዬን ቀን አወጣለሁ። ዋሴ የእሳት ራት ናት፤ ጥሩልኝ።»

የእሳት ራት መጣች። ባውዛው በራ። ምስኪኗ ቀጥታ ወደ እሱ በረረች፤ ዓይኗ ጠፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አለች። «ምን አየሽ?» ቢሏት «ባውዛውን» አለች። «ሌላስ?» ቢሏት «ሌላ ነገር አለ እንዴ?» አለች።

ያን ጊዜ ድመቱ፣ አያ ውሮ፣ ግዛው በሚቆምበት ቦታ ቆመና አጎነበሰ። ጥቁር ጥላው እንጨቱ ላይ ተዘረጋ።

«መቁረጫው መስመር የት ገባ?» አለ ውሮ። «ጥላዬ ዋጠው እኮ!»

«ብቻህን ስለምታበራ ነው» አለ ጠረጴዛው ባውዛውን። «አንተ ካለህበት በቀር ሌላው ወገን ጨለማ ነው። ተቀመጥ።»

ባውዛው እያጉረመረመ ጠፋ።

ቀጥሎ ሰሃኑ ተነሳ። ሰሃኑ ትዕቢት የለውም፣ ደግ ነው፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው። ሲበራ ሁሉም «እፎይ!» አሉ። መስመሩ ታየ፣ ጥላውም ሳሳ።

«እኔ ግን ዋስ የሚሆነኝ ዘመድ የለኝም» አለ ሰሃኑ አፍሮ።

«እኔ አለሁልህ!» አለች አይጢት ከክምሩ ሥር ብቅ ብላ። «እኔ ዋሱ ነኝ!»

ሁሉም ተገረሙ። አይጢት ለራሷ ልጆች እንኳ ዋስ አትሆንም።

«እንግዲያው ነይ፣ መጋዙ ፊት ቁሚ» አለ ጠረጴዛው።

«አባቴ፣ እኔ አጭር ነኝ፣ አልደርስም። አያ ውሮ ይቁምልኝ። እኔ ከዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ውሮም ቆመ። ማብሪያው ቀጭ አለ። መጋዙ ጮኸ፣ ጋራዡ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ ጥርሱ አዩ። ጥርሱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ቆሟል።

«ይኸው ቆመ!» አለች አይጢት። «አያ ውሮ፣ ምን ትፈራለህ? ነካ አድርገው!»

ውሮ መዳፉን አነሳ። መጋዙ ድምፁ አልቆበት በሹክሹክታ «ገና ነኝ፣ ገና እየዞርኩ ነው» ይላል፤ የሚሰማው የለም። መዳፉ ተጠጋ። አሁንም ተጠጋ።

«ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

መግፊያው ነበር። መግፊያው ግዛው እንጨቱን ወደ መጋዙ የሚገፋበት ቁራጭ ዱላ ነው፤ ጣት እንዳይቀርብ ብሎ ነው የሠራው። «ከጣት በፊት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው!» አለና በውሮ መዳፍና በጥርሱ መካከል ዘለለ።

ጠሽ!

ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተረጨ። ውሮ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔ ራሴ ይህን በተረክሁ ቁጥር መግፊያው ያሳዝነኛል፤ ከዚያ በኋላ ሊጠገን አልቻለም።

«ቆሞ ነበር እኮ!» ይላል ውሮ። «ቆሞ አይቼዋለሁ!»

«ብርሃኑ ይርገበገባል» አለ መጋዙ። «ዓይን አይዘውም እንጂ ብልጭ ጥፍት ይላል። ብልጭ ባለ ቁጥር አንዱ ጥርሴ በሌላው ቦታ ላይ ይደርሳል። እናንተም ያው ጥርስ ይመስላችኋል።»

ሰሃኑ ማልቀስ ጀመረ። «አላወቅኩም! እውነቴን ነው፣ እንደምርገበገብ አላወቅኩም!»

ጠረጴዛው ግን ወደ ክምሩ ዞረ። «አይጢት፣ ዋሱ አንቺ ነሽ። ለምን ከሩቅ ቆምሽ?»

አይጢት ጉድጓዷ ገብታለች። ከውስጥ ሳቋ ብቻ ይሰማል። «ብትፈርዱስ ምን ታመጣላችሁ? ግዛው የናንተን ቋንቋ አይሰማም! እንደ ልማዱ አንጋጦ ይመርጣል!»

በመጨረሻ ዘንጎቹ ተነሱ።

«ዋስ የለንም» አሉ ባንድ ድምፅ። «እኛን አትዩን፤ ከሥራችን ያለውን እዩ። ሁለት ረድፍ ሆነን በግራና በቀኝ ከተሰቀልን አንዱ ረድፍ የጣለውን ጥላ ሌላው ያነሳዋል።»

ዘንጎቹ ቦግ ብለው በሩ። ውሮ እየፈራ ቆመ፤ ገና በሁለት ረድፍ ባይሰቀሉም ብዛታቸው ጥላውን አሳሳው። መጋዙ ዞረ፤ ጥርሱ ሲዞር እንደ ጭጋግ ታየ። ሞተሩ ጠፋ፤ ጥርሱ ቀስ እያለ እስኪቆም ድረስ መዞሩ ታየ።

«እነዚህ ናቸው!» አሉ ሁሉም። እንዲህ እያሉ ሳሉ የግቢው በር ተንኳኳ።

ግዛው ከለቅሶ ተመለሰ። ጋራዡ ገብቶ ትልቁን በር ከኋላው ዘጋው። ለምን ዘጋው? ሰፈሩ ለቅሶ ላይ ነዋ! ጎረቤት እያለቀሰ መጋዝ ማስጮህ ነውር ነው፤ ነገር ግን ለነገ የገባው ቃል አለ። ስለዚህ ድምፁ እንዳይወጣ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ እንደ ልማዱም ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወተፈ። ቀጥሎ መብራቶቹን አብርቶ አንጋጠጠ። ባውዛውን አየ፣ «ያቃጥላል» አለ። ዘንጎቹን አየ፣ «እነዚህማ ቀጫጮች ናቸው» አለ። ሰሃኑን አየ፣ ፈገግ አለ።

«ይኼ ነው!»

«እኔን አይደለም!» ብሎ ጮኸ ሰሃኑ። «ግዛው፣ አትምረጠኝ!»

ሰው የዕቃ ቋንቋ አይሰማም። ውሮ ግን ዕቃ አይደለም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልኮ ወጣና ወደ አስካለ በረረ።

አስካለ ግቢው ውስጥ ቆማ የመጋዙን ጩኸት እየሰማች በሀፍረት ትቃጠል ነበር። «በለቅሶ ቀን! አይ የኔ ነገር!» ትላለች። ውሮ የነጠላዋን ጫፍ ነክሶ ጎተተ። «ሂድ ወዲያ!» አለችው። እንደገና ጎተተ። ረገጥ አደረገችው። ሦስተኛ ሲጎትታት መጋዙ ድንገት ጸጥ አለ። አስካለም ግዛውን ልትቆጣ ውሮን ተከትላ ወደ ጋራዡ ገሰገሰች።

ውስጥ ግዛው ሞተሩን አጥፍቷል። የበሩ ጣውላ ተቆርጦ አንዲት ስንጣሪ ከጥርሱ ሥር ተሰክታለች። መግፊያውን ፈለገ፤ የለም። «የት አባቱ ሄደ?» አለ። ጥርሱን አየ፤ ቆሟል። እጁን ሰደደ።

«ገና ነኝ ግዛው! ገና ነኝ!» ይላል መጋዙ።

«ግዛው!» ይላል ጠረጴዛው።

«ግዛው!» ይላሉ ዘንጎቹ።

ጆሮው ጥጥ ነው፣ ዓይኑ ተታሏል፣ እጁ ይሄዳል።

ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። የቀን ፀሐይ እንደ ጎርፍ ገባ። በፀሐዩ ውስጥ የመጋዙ ጥርስ ሲዞር ታየ። ግዛው እጁን ነጥቆ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሰው እያለቀሰ ማሽን ታስጮሃለህ? እማማ ድንቄ እኮ ናቸው! አታፍርም?» እያለች ገባች አስካለ። ከዚያ ፊቱን አየችው። «ምን ሆንክ? አንተ፣ ምን ሆንክ?»

ግዛው ጥጡን ከጆሮው አወጣ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

«ቆሞ ነበር፣ አስካለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቆሞ ነበር።»

አስካለ መሬት ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ያን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። ብዙ አለቀሰች። ለእማማ ድንቄ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች፤ ይቅር ይበሉን።

ሲረጋጋ ግዛው በሩን መልሶ ዘጋ፣ ሰሃኑን አበራ፣ መጋዙን አስነስቶ አጠፋው፣ ከሩቅ ሆኖ ስንጥር ወረወረበት። ቆሟል በተባለው ጥርስ ስንጥሩ ተበጣጠሰ። ሰሃኑን ሊያወርድ መሰላሉን አመጣ፤ ላይ ወጥቶም እንደገና ወደ ባውዛውና ወደ ዘንጎቹ አንጋጠጠ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያበራል ብሎ!

«ውረድ!» አለችው አስካለ። «ወደ ላይ ምን ያስመለክትሃል? የምትቆርጠው ጣሪያውን ነው?»

ግዛው ወረደ። ባውዛው ሲበራ አጎንብሶ ጠረጴዛውን አየ፤ ጥላውን አገኘ። ዘንጎቹ ሲበሩ አጎንብሶ አየ፤ እጁን አገኘ፣ መስመሩን አገኘ፣ የሚዞረውን ጥርስ አገኘ። ለጤና ጣቢያው «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ቀጠሮውን ገፋ፣ ዘንጎቹንም በሁለት ረድፍ በግራና በቀኝ ሰቀላቸው። ጋራዡ ውስጥ ጨለማ ጥግ ጠፋ። አይጢትስ ምን ሆነች ካላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ውሮን ጠይቁት።

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ለሌላ አቀብሉ። መብራት የሚመረጠው አጎንብሶ ነው፤ አንጋጦ የመረጠ ጣቱን ያጣል።