ቦራና አያ ዳማ ወንዝ የወረዱ ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የፈረስ በረት» በሉኝ።

ቦራ የሚባል ልጓም የሚጠላ ወጣት ፈረስ ነበር። ጠዋት ፈረሶቹን የሚጠብቁት ባልደራስ ሊገሩት ሲመጡ እየዘለለ አስቸገራቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ ጋማውን አበጠሩለትና ልጓሙን መልሰው ሰቀሉት።

ቀትር ላይ ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ ፈረስ ዳማ፣ «ልጄ፣ ውሃ ጠማኝ፤ ወንዝ ድረስ ምራኝ» አለው።

«አያ ዳማ፣ ተከተለኝ» ብሎ ቦራ ፊት ፊት ሄደ።

ዳማ ግን ድንጋይ እያደናቀፈው ቆመ። «ኮቴህን መስማት ብቻ አልበቃኝም፤ ከልጓምህ ጋር ቢያስሩኝ ነበር የምከተልህ» አለ።

ቦራ ጥቂት አሰበና ባልደራሱ ዘንድ ሄዶ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እሳቸውም ቀስ ብለው ለጎሙት፤ የዳማንም ገመድ ከልጓሙ ጋር አያያዙት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁልቁል ወረዱ። ዳማ እስኪረካ ጠጣ፤ ቦራም ልጓም መጉረሱን ረስቶ አጠገቡ ጠጣ።

ተረቴን መልሱ፣ ለፈረሶቼም ገብስ አፍሱ።