አልቀመጥም ያለችው ካፒቴን

የኔ ተረት የላም በረት አይደለም፤ ከከዋክብት ማዶ ካለች ከአንዲት ቀይ ዓለም የመጣ ነው። ጠጋ በሉ፣ እንዳታቋርጡኝ ብቻ!

ኡልዛር የሚባል ሰው ነበር። ቆዳው ሰማያዊ ነው፤ በካፒቴን ትርንጎ የጠፈር መርከብ ላይ መንገድ መሪ ነው። የእነሱ ዘር ወንድ የማግቢያው ጊዜ ሲደርስ ደሙ ይፈላል። ያን ጊዜ እጮኛው መዳፏን ግንባሩ ላይ ካላሳረፈች ይሞታል፤ አለቀ! የኡልዛርም ጊዜ ደረሰና ካፒቴኗ ይዛው ወደ አገሩ በረረች። ዘመድ የለውምና ሽማግሌው እሷው ሆነች፤ ከእጮኛው ከሴሊማ ግቢ ገብታ ቆመች።

የቤቱ ሰዎች «ተቀመጪ» ቢሏት፣ «የመጣሁበት ጉዳይ ሳይፈጸም? ወይ ፍንክች! በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ነው» አለች። ኩሩ ናት እኮ!

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሴሊማዬ፣ እባክሽ መዳፍሽን ለኡልዛር ስጪው።»

«እኔማ ነፍሴ እስኪወጣ እወደዋለሁ» አለች ሴሊማ። «ግን ደወሉ ሳይደወል ሙሽራ መንካት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ሴሊማ መዳፏን አልሰጠች፤ ኡልዛር ነደደ።

«አያ ደወል፣ ደውል እንጂ!» አለች ካፒቴኗ።

«ነፋስ ሳይመታኝ አልደውልም።»

ደወል አልደወለ፤ ሴሊማ መዳፏን አልሰጠች፤ ኡልዛር ነደደ።

«አያ ነፋስ፣ በል ደወሉን ምታልኝ!»

«ጨረቃ ሳትወጣ? ወግጂ! እኔ እሷን አጅቤ ነው የምመጣው።»

ነፋስ አልነፈሰ፤ ደወል አልደወለ፤ ሴሊማ መዳፏን አልሰጠች፤ ኡልዛር ነደደ።

«እመት ጨረቃ፣ ቶሎ ውጪ!»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ብወጣ ማን ያየኛል? አልወጣም!»

ጨረቃ አልወጣች፤ ነፋስ አልነፈሰ፤ ደወል አልደወለ፤ ሴሊማ መዳፏን አልሰጠች፤ ኡልዛር ነደደ።

«እመት ፀሐይ፣ በናትሽ ጥለቂ!»

«እንግዳ ግቢ ውስጥ ተገትሮ እኔ ልተኛ? በእኛ ዓለም አይደረግም! እንግዳው ይቀመጥ፣ እጠልቃለሁ።»

«ማነው ደግሞ እሱ ግትር?» ብላ ካፒቴኗ ግራ ቀኙን ስታይ፣ ግቢው ሁሉ እሷን ያያል።

«እኔ? ሽማግሌ ሳይፈቀድለት ተቀምጦ ያውቃል እንዴ? መጀመሪያ መዳፏን ትስጥ!»

ትርንጎ አልተቀመጠች፤ ፀሐይ አልጠለቀች፤ ጨረቃ አልወጣች፤ ነፋስ አልነፈሰ፤ ደወል አልደወለ፤ ሴሊማ መዳፏን አልሰጠች፤ ኡልዛርም ወደቀ።

ዘፍ አለ! ሴሊማ ጮኸች። ያ ሁሉ የካፒቴኗ ኩራት ከላይዋ ረገፈ።

«ያን ሁሉ ጨለማ ያሻገርከኝ ልጅ፣ በኔ ግትርነት ልትሞት? የአያቶቼ ወግ ገደል ይግባ!» አለችና እመሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ትርንጎ ስትቀመጥ ፀሐይ ጠለቀች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ወጣች፤ ጨረቃ ስትወጣ ነፋስ ነፈሰ፤ ነፋስ ሲነፍስ ደወል ደወለ፤ ደወል ሲደውል ሴሊማ እየሮጠች መጥታ መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች!

ኡልዛር ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ሴሊማን አየ፤ ፈገግ አለ። ቀጥሎ አለቃውን አየ።

«ካፒቴን፣ ምነው? ጉዳዩ ሳይፈጸም ተቀመጡ እንዴ?»

«ተፈጸመ እኮ፣ አንተ ልጅ!» አለችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። የዚያ ዓለም ሰዎች እልልታ ሰምተው አያውቁም፤ ግን አንድም አልቀረ፣ አብረዋት እልል አሉ።

ተረቴ ይኸው። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ለሙሽሮቹ እልል በሉልኝ!